የባላጋራቸውን ነገር የሚያስቀድሙት ሀይቻ በራሶ

ሀይቻ በራሶ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአንድ የወናጎ ቡና ነጋዴ ነው። ሰውየው ስለ ዝናቡ መዘግየት እየነገረኝ ሳለ በወሬው መካከል «እሳቸውም እኮ መስከረም ላይ አረፉ» አለና ወደ ዝናቡ ተመለሰ። ከቀብራቸው ሰባት ወር አልፎ ነበር። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ነገር ግን ሰውየውን አስቁሜ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ የት እንዳረፉ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ማን አጠገባቸው እንደነበረ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። በገዛ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ሳይሠቃዩ አርፈዋል። በመልሱ ረካሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ እንዲቀጥል ፈቀድኩለት።

ስለ እኚህ ሰው የምጽፈው ደግ ስለነበሩ አይደለም። ደግ ሰዎች ብዙ አጋጥመውኛል፤ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። በሁለት አገር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሬአለሁ፤ መምህሮቼም ስለ ሕግ ብዙ ነግረውኛል። አንድን ሕግ የራስ እስኪሆን ድረስ እንዴት እንደሚያጠኑት ግን ማንም አልነገረኝም። ይህን ያሳዩኝ፣ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ፊደል የቆጠሩ አንድ የጌዴኦ ገበሬ ናቸው። መምህሮቼ ይህን ቢያነቡ አይወዱልኝም። ግድ የለኝም።

በጣሊያን ዘመን ዲላ ውስጥ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጡ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከመሞታቸው በፊት አዲስ አበባ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ስለነበር ጣልያንኛ አነባለሁ። ጣሊያኖቹ ዲላ ላይ ቢሮ ከከፈቱ በኋላ በበሩ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አዲስ መሣሪያ አወጣሁ የሚል ሰው መሣሪያውን በመዝገብ አስመዝግቦ ብቸኛ ባለመብት ሊሆን ይችላል፤ ከተመዘገበ በኋላ ያንኑ መሣሪያ ያለ እሱ ፈቃድ የሚሠራ ይቀጣል። ዛሬ የፈጠራ መብት የምንለው ነው። ምዝገባውን የሚቃወም ካለ፣ መቃወሚያውን የሚያቀርበው ፈቃድ ባለው ወኪል በኩል ብቻ ነው። ፈቃዱ ደግሞ የሚገኘው በጥርና በመጋቢት በሚሰጥ ፈተና ነው። የሰው አገር የነጠቁ ሰዎች፣ አንድ የእንጨት መሣሪያ የማን እንደሆነ ለማወቅ ይህን ያህል ይጠነቀቁ ነበር። ያን ጊዜ አላሳቀኝም፤ ዛሬም አያስቀኝም።

የፈተናው መጽሐፍ በጣልያንኛ የተጻፈ ስድሳ ሁለት ገጽ ነበር። እኔ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት፤ ቢሮው ሄጄም ልፈተን አልኩ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ለሴት የለም» አለኝ። መጽሐፉን ይዤ ተመለስኩ። ስለ ራሴ በዚህ ጽሑፍ የምለው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

አሁን ጅግሶን ላስተዋውቅ። ጅግሶ ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነበር። የወደቀ ዛፍ እግሩን ከሰበረው በኋላ መቆፈር ስላልቻለ እንጨት ሥራ ጀመረ። ከአንድ የዝናብ ወራት ልፋት በኋላ፣ ጀንፈል ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና የሚፈለፍል መሣሪያ ሠራ፤ ሁለት ድቡልቡል የወይራ ግንዶች፣ ገጻቸው ላይ አግድም የተቦረቦረ መስመር፣ በመካከላቸው ደግሞ ፍሬው እንዳይሰበር የተወጠረ ለስላሳ ቆዳ። እጀታውን ሲያዞሩት ገለፈቱ በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን ይወርዳል። በሙቀጫ ቀኑን ሙሉ የሚያደክመውን ሥራ እስከ ቀትር ይጨርሳል። ጎረቤቶቹ አዘዙት፤ ሠራላቸው፤ ከነልጆቹ በዚህ ሥራ ይተዳደር ጀመር።

አቶ ደስታ የተባሉ በዲላ ዋና መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው የቡና ነጋዴ መሣሪያውን አዩት። ወደዱት። አንጥረኛ ቀጥረው በብረት አሠሩትና «የእኔ ፈጠራ ነው» ብለው እንዲመዘገብላቸው አመለከቱ። መቃወሚያ የሚቀርበው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ያ ቀን ካለፈ ጅግሶ የገዛ መሣሪያውን አንድ ተጨማሪ መሥራት አይችልም። በዲላ ፈተናውን ያለፈ አንድ ወኪል ብቻ ነበር፤ እሱንም አቶ ደስታ ይዘውታል።

ሀይቻ በራሶ የጅግሶ ጎረቤት ናቸው። ሀይቻ የሚባለው በሶንጎ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው፤ ሶንጎም ጌዴኦዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነገር የሚፈቱበት ሸንጎ ነው። ፈተናውን አልፈው ለጅግሶ ወኪል ሊሆኑለት ቆርጠው የአክስቴን ቤት ጠይቀው ሲመጡ፣ በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ የነሱን ጽሑፍ የምታነቢ?»

«አነባለሁ።»

«ትገልጪዋለሽ?»

«እተረጉመዋለሁ።»

«መተርጎም ሌላ ነው። ትገልጪዋለሽ ወይ?»

እገልጸዋለሁ አልኩ። ውሸት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም። አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለችና «ለመሆኑ ዕድሜዎ ስንት ነው፣ ሀይቻ?» አለቻቸው።

«ስድሳ ይሆናል።»

«በስድሳ ዓመት ፈተና ይቀመጣሉ?»

«ሞትም ሊፈትነኝ እየመጣ ነው፣ እመቤቴ። ይኼኛው ይሻላል፤ መጽሐፍ አለው።»

ትምህርቱን የጀመርነው በእሳቸው ግቢ ነው። ከዲላ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ስለሆነ ማለዳ እወጣ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አንቀጽ አንድን አንብቤ ተረጎምኩላቸው። ሁለተኛውን ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ። «ቆዪ፤ ይኼ ገና አልበረደም» አሉና ወደ ጓሮ ሄዱ። እዚያ ሦስት ሴቶች እንሰት ይፍቁ ነበር። አንቀጹን በጌዴኦኛ ነገሯቸው፤ ከዚያም አየለች የምትባለውን የወንድማቸውን ሚስት «እስቲ ምን አልኩ?» አሏት።

«አዲስ ዕቃ ያወጣ ሰው ሌላውን ይከለክላል አልክ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሞት ነዋ።»

ሀይቻ በራሶ ወደ እኔ ተመለሱ። «እዚህ ላይ ተበጥሷል» አሉኝ። «እስከ መቼ የሚለውን አንቺ አልነገርሽኝም? ወይስ እኔ መንገድ ላይ ጣልኩት?»

እኔ ነበርኩ ያልነገርኳቸው። የዘመኑ ገደብ በአንቀጹ ሦስተኛ መስመር ላይ ተጽፏል፤ ቀላል ስለመሰለኝ ዘልዬዋለሁ። መጽሐፉን በዘጠኝ ቀን ጨርሼዋለሁ ያልኩት እኔ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንኳ አለማወቄን የነገረችኝ ማንበብ የማትችል ሴት ናት። ያን ቀን ወደ ዲላ ስመለስ በጣም ተናድጄ ነበር።

ሥርዓቱ በዚያው ጸና። እያንዳንዱ አንቀጽ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ሴቶቹ ይሄዳል፤ ሴቶቹ መልሰው ሲናገሩት የጎደለው ሁሉ ይታያል። የጎደለውን እንጂ የሞላውን ደግመን አናነብም። በማግስቱ ስመጣ የመጀመሪያ ቃላቸው «የምፈራውን ገጽ አምጪው» ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የማውቀውን ገጽ ደጋግሜ በማንበብ ነበር የምደሰተው፤ ብዙ ሰው ጥናት የሚለው ይህን ደስታ ነው። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ደግሞ መጽሐፍ አያስነኩም። «ሲመሽ የተማርኩት ጠዋት ቤቱ የለም» ይላሉ፤ ጠዋት ላይ ግን ከእኔ በፊት አንቀጹን ለራሳቸው ሲያነበንቡ አገኛቸዋለሁ። ሴቶቹም ለመዱን። ከሩቅ ሲያዩን አየለች «ደግሞ መጡ» ትላለች፤ «ዛሬስ ምን እንከልከል?»

አንድ አንቀጽ በተለይ አይረሳኝም። አመልካቹ መሣሪያውን በጽሑፍ ሲገልጽ፣ ሌላ የሙያ ሰው ጽሑፉን ብቻ ይዞ መሥራት እንዲችል አድርጎ መሆን አለበት ይላል። ግልጽ ነው፣ እንለፈው አልኩ። ሀይቻ በራሶ ወደ ማገዶው ክምር አመለከቱ። ጌዴኦ ሴቶች የማገዶ ሸክም በቃጫ የሚያስሩበት ቋጠሮ አለ፤ ስትጎትተው ይፈታል፤ ካልጎተትከው ተራራ ቢወርዱበት አይላላም። «አየለች ስታስር እያየሽ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩ። ጽሑፌን በጣም ወደድኩት። ጅግሶን ጠሩትና እኔ እያነበብኩ፣ እሱ ያነበብኩትን ብቻ እየሠራ እንዲያስር አዘዙት።

«"ጫፉን በላዩ አሳልፍ" ነው የምትይ» አለኝ ጅግሶ። «የትኛዋን ጫፍ? ሁለት አለው እኮ።»

«የቀኙን።»

«ቀኝ የሚል እዚያ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው አልሰማሁም።»

የግራውን አሳለፈ። ሸክሙን ሲያነሣው ማገዶው ደህናው እግሩ ላይ ተናደ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ጅግሶ ግን ሆን ብሎ እንዳደረገው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ጽሑፌም አላሰረም፤ ሦስተኛው ካሰረ በኋላ አልፈታ አለ። አራተኛው ላይ ሸክሙ ጠበቀ፤ ሲጎተትም ተፈታ። ሀይቻ በራሶ አራተኛውን ወረቀት አጣጥፈው ሰጡኝ። «እንግዲህ ይህን አንቀጽ ማንም አይወስድብሽም» አሉ። ተፈታኙ እሳቸው ነበሩ፤ የተናገሩት ግን ስለ እኔ ነው። አላረምኳቸውም።

አሁን ወደ ትልቁ ልማዳቸው እመጣለሁ፤ የወደቁበትም እሱ ነው። እሳቸው በሚቀመጡበት ሶንጎ ማንም ሰው የራሱን ነገር ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ነገር መናገር አለበት። ባላጋራው ሰምቶ «ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ወደ ራሱ ማለፍ አይችልም። ሀይቻ በራሶ የባላጋራውን ነገር ሲናገሩ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድሙታል፤ ወደ ራሳቸው ሲያልፉ ያቆሙታል። በጥናታችንም እንዲሁ ነበር። በእያንዳንዱ አንቀጽ መጀመሪያ የሚጠቀመውን ሳይሆን የሚጎዳውን ሰው ሆነው ይናገሩ ነበር። እኔ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አልተናገርኩም እንጂ።

የጥር ፈተና በቃል ነበር። ፈታኙ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ቀጭን የሕግ ሰው ነው፤ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሩብ ሰዓት። አስተርጓሚው የቢሮው ሰው ነው፤ እኔ በረንዳው ላይ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ቆምኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንድ ሰው አዲስ የቡና ማድረቂያ ሠራ፤ አማቹ ደግሞ ሐሳቡን መጀመሪያ የነገርኩት እኔ ነኝ ይላል፤ መብቱ የማን ነው? መጽሐፉ በማያሻማ መንገድ ሐሳቡን ወደ ሥራ ያደረሰው ሰው ነው ይላል። ሀይቻ በራሶ ያውቁታል። የእንሰት ፋቂዎቹም ያውቁታል።

ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋደመ። ስለ አማችየው መናገር ጀመሩ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት፣ በምን እምነት እንደነገረው፣ በዝምድና መካከል ማስረጃ መያዝ ነውር መሆኑን፣ ዛሬ ዝም ቢል ነገ ልጆቹ ምን እንደሚሉት አንድ በአንድ ዘረዘሩ። በመስኮቱ በኩል ስሰማ ለአማችየው ማዘን ጀመርኩ፤ እኔ ለማንም በቀላሉ አላዝንም። ዱላቸውን ሊያቆሙ ሲያነሡት ፈታኙ ሰዓቱን ነካ። ሩቡ ሰዓት አልቋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄም እንዲሁ ሆነ። ፈታኙ «ተፈታኙ በሦስቱም ጥያቄ ለተሳሳተው ወገን ተከራክሯል» ብሎ ጻፈ።

አስተርጓሚው እየሳቀ ወደ በረንዳው ወጣ። «ሀይቻ፣ አማችየው ዘመድዎ ነው እንዴ?»

«የለም። ገና ወደ ሌላው ልሄድ ነበር።»

በመንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳቸው። መልሱን እያወቁ እንደወደቁ፣ ጅግሶ አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረው፣ ፈታኙ ሽማግሌ ሳይሆን ሰዓት የያዘ ሰው መሆኑን ነገርኳቸው። የባላጋራውን ነገር ይተዉት አልኩ።

«ፈታኙ ልክ ነው» አሉ ሳይቆጡ። «ሰዓቱ የሱ ነው። አጥር ዘልዬ ገባሁበት።»

«ስለዚህ ይተዉታል?»

«እሱን ከተውኩ የማውቀው ግማሹን ነው። ግማሽ ይዤ ልፈተን?» ጥቂት ሄዱና ቆሙ። «መተው አልችልም። ማሳጠር ግን እችል ይሆናል። ማሳጠር አስተምሪኝ።»

ማሳጠር የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር፤ ሁለታችንም ከመንገዱ ተማርን። ከግቢያቸው በር ስንነሣ የባላጋራውን ነገር ይጀምራሉ፤ የጅግሶ በር ላይ ሳንደርስ መጨረስ አለባቸው። ለብዙ ቀን አልሆነም። ከዚያ ሆነ፤ ከዚያ መንገዱን አሳጠርኩት። ከአንድ የጥላ ዛፍ እስከሚቀጥለው ብቻ። ከፊት ለፊታችን ውሃ የተሸከመች ሴት ስትመጣ ካየን፣ እስክታልፈን። የሚያልፉት ሰዎች ሽማግሌው እየጮኹ ሲከራከሩ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አጠገባቸው ስሄድ ያዩ ነበር። አንዱ ቆሞ «ሀይቻ፣ ይቺ ልጅ ምን አደረገችህ?» አላቸው። «ባላጋራዬን እያሳጠረችብኝ ነው» ብለው አለፉ።

የካቲት ሲያልቅ የማንኛውንም ባላጋራ ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ቻሉ። ያኔ አንድ ነገር አየሁ። ነገሩ እያጠረ ሲሄድ እየቀለለ አልሄደም፤ እየከበደ ነው የሄደው። በሁለት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጌጥ የሚሆን ቦታ የለም፤ የሚቀረው ባላጋራው በእውነት የሚቆምበት መሬት ብቻ ነው። ያ መሬት ከታወቀ መልሱ ሳይፈለግ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከባድ ፈተና ተቀምጫለሁ፤ ያጠናሁትም ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ነው። አንድም አልወደቅሁም። ይህን የሚያክል ነገር ያገኘሁበትን ዘመን ሙሉ በሙሉ ልጠላው አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር።

የመጋቢቱን ፈተና አለፉ። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ፈታኙ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ከመጽሐፉ ውጭ ያለ አንድ ነገር ለገዛ ራሱ ለማወቅ ያህል ጠየቃቸው። ሀይቻ በራሶ ዱላቸውን አጋደሙት፤ ወዲያው አቆሙት፤ መለሱ። ፈቃዳቸውን ሲቀበሉ ማኅተሙን በእጃቸው ላብ ላለማበላሸት ብለው ለእኔ ሰጡኝና እስከ ግቢያቸው ይዤላቸው ሄድኩ። በሕይወቴ ውስጥ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ነገር ግን ፈተናውን ያለፉበት ሕግ ለጅግሶ ደስ የማይል ነገር ይዞ ነበር። ሦስታችን በጅግሶ ግቢ፣ በመሣሪያው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ ሀይቻ በራሶ ነገሩት።

«ሕጉ አዲስ የሚለው ማንም ያላየውን ነው» አሉት። «ይህን ደግሞ አገር አይቶታል። ሳታስመዘግበው ሦስት የቡና ወራት ሠርተህበታል። ስለዚህ ለደስታ አዲስ አይደለም። ለአንተም አዲስ አይደለም።»

ጅግሶ ወደ መሣሪያው ዞረ። «ታዲያ እኔ አልሠራሁትም?»

«ሠርተኸዋል።»

«የሠራሁትን የኔ አይደለም ይላል?»

«ብቻህን የአንተ አይደለም ይላል። ቤት ውስጥ ቆልፈኸው ቢሆን ሌላ ነበር።»

«ጎረቤት መጥቶ አሳየኝ ሲለኝ ምን ልበለው? በር ይዘጋል?» ፊቱን አዞረ። ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። የአቶ ደስታን ማመልከቻ ብቻ እናፍርስ፤ ከዚያ በጅግሶ ስም እንዲመዘገብ እንጠይቅ፤ የሦስቱን የቡና ወራት ነገር የቢሮው ሹም ካልጠየቀ አንናገርም አልኩ።

«ይጠይቃል?» አሉኝ ሀይቻ በራሶ።

«ላይጠይቅ ይችላል።»

«አንቺ ብትሆኚ ትጠይቂ ነበር?»

«እጠይቅ ነበር።»

«እንግዲያው ይጠየቃል። ግን የሚወስነው እሱ ነው፤ መሣሪያውን የሠራው እሱ ነው።»

ጅግሶ በማግስቱ ማለዳ መልሱን ይዞ መጣ። ማታውን አላዋየንም። «እሱ አይከልክለኝ» አለ። «ሌላውን ተዉት። መሥራት ካልተከለከልኩ እኖራለሁ።»

መቃወሚያው የተሰማው በሚያዝያ ነው። ሹሙ በጠረጴዛው ራስጌ፣ አቶ ደስታና ወኪላቸው በቀኝ፣ ሀይቻ በራሶና ጅግሶ በግራ ተቀመጡ። እኔ እንደ ቀድሞው በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። ዱላው ተጋደመ።

«አቶ ደስታ የሚሉት እንዲህ ነው» አሉ። «የእንጨቱ መሣሪያ በሁለት ዓመት ይበላል፤ እኔ ግን አይቼው፣ ከነመስመሩ፣ ከነቆዳው በብረት አሠራሁት፤ ለዚህ የደከምኩት እኔ ነኝ፣ እንጨት ይዞ የቀረው ሰው ልፋቴን አይካፈለኝ።»

አቶ ደስታ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። «ልክ ነው» አሉ። «እኔ ራሴ እንዲህ አጥርቼ አልተናገርኩትም።» ወኪላቸው እጃቸውን ሲይዛቸው ዘግይቷል።

ዱላው ቆመ። «አይቼው ነው ያሉት። የት ነበር ያዩት?»

«በጅግሶ ግቢ ነዋ። ማን ያላየው አለ? ከወናጎ ድረስ እየመጡ ነው የሚያዩት።»

ሀይቻ በራሶ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየው አዲስ አለመሆኑንና ዕቃውን ከእንጨት ወደ ብረት መለወጥ ብቻውን ፈጠራ አለመባሉን። ሹሙ ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። «ታዲያ በደንበኛዎ ስም እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ?»

ሀይቻ በራሶ ወደ ጅግሶ ዞር አሉ። ጅግሶ ራሱን ነቀነቀ። «አንጠይቅም» አሉ። «ያው አንቀጽ እኛንም ይይዘናል።»

ውሳኔው እዚያው ተነበበ። መሣሪያው በማንም ስም አይመዘገብም፤ የፈለገ ሁሉ መሥራት ይችላል። አቶ ደስታ ሲወጡ ለጅግሶ «ያንተስ ቆዳ የምን ቆዳ ነው? የኔው ቶሎ ይበጣጠሳል» አሉት። ጅግሶ ነገራቸው። መስኮቱ ሥር ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ፤ እኔ ብሆን አልነግራቸውም ነበር። ሀይቻ በራሶ ግን ሁለቱ ሲነጋገሩ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሥራው እንዳለቀለት ሰው በእርጋታ ይጠብቁ ነበር።

በሚቀጥለው የቡና ወራት ወደ ግቢያቸው ስሄድ የእጀታው ድምፅ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይሰማ ነበር። አንዳንዱ የጅግሶ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ሌሎች ያስመሰሉት ነው። ጅግሶ የራሱን ከመሥራት ሌላ የእነሱንም ሲጠግን ይውል ነበር፤ ይማረራል፤ ፊቱ ግን አይማረርም። ስሙ በየትኛውም መዝገብ አለመግባቱ ሲያናድደኝ ለሀይቻ በራሶ ነገርኳቸው። የሠራ ሰው ስሙ ሊጻፍለት ይገባል አልኩ። የተናገርኩት ስለ ጅግሶ ብቻ እንዳልነበረ ያወቁ ይመስለኛል።

«ይገባል» አሉ፤ አልተከራከሩኝም። «ያንን የሚያጽፍ ሕግ ስታገኚ ትነግሪኛለሽ። አሁን ግን ነይ፣ ጅግሶ ሰው ይፈልጋል።»

ጅግሶ ገደብ ከሚባለው አገር ለመጣ ሰው የሠራውን አዲስ መሣሪያ ሊሞክር ነበር። እጀታውን ለእኔ ሰጠኝ። ሀይቻ በራሶ ጀንፈሉን ከላይ አፈሰሱ፤ እኔ አዞርኩ። መጀመሪያ ከበደኝ፤ ከዚያ ለቀቀኝ። ገለፈቱ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል እየወረደ ሰፌዱ ሞላ። አቆምኩና ጎንበስ ብዬ ፍሬውን በጣቶቼ በተንኩት። አንድም የተሰበረ አልነበረም። በደንብ ፈልጌ ነበር።